ለመስቀል አገር ቤት ስንገባ ቤታችንን ማን ይጠብቀው?

መስቀል እየደረሰ ነው። መስከረም 17 ቀን ከመግባቱ በፊት አውቶቡስ ተራው ጢም ብሎ ይሞላል። ጉራጌ አገር የተወለደ ሰው የተቻለውን ያህል አዲስ አበባ ላይ አይውልም። ወደ ወልቂጤ፣ ወደ እምድብር፣ ወደ ቡታጅራ ይጓዛል። መርካቶ እንኳ ብዙው ሱቅ ይዘጋል። ክትፎው፣ ቆጮው፣ የወላጅ ምርቃቱ ያለው እዚያ ነው። ደስ ይላል። ከኋላ የቀረው ቤትስ?

በዚህ ክረምት ፊደል ልናስተምር ከዩኒቨርሲቲ በመጣንበት ሰፈር፣ በማታው ክፍላችን አንዲት እናት አሉ። ልብስ ሰፊ ናቸው። አምና ለመስቀል ከልጆቻቸው ጋር አገር ቤት ገቡ። በስድስተኛው ቀን ሲመለሱ በሩን ገርበብ ብሎ አገኙት። ቴሌቪዥኑ የለም። ብርድ ልብሱ የለም። ከሁሉ የባሰው ግን የስፌት መኪናቸው መጥፋቱ ነው። ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ሲንጀር ነበር።

«ሌባው ጓጉንቸሩን ሰበረው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ጓጉንቸሩ እኮ ምንም አልሆነም፤ እንደተቆለፈ ነው ያገኘሁት!» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓጉንቸሩ ትልቅና ጠንካራ ነበር። የሚንጠለጠልበት ብረት ግን ከሳንቃው ጋር የተያያዘው በአራት ሚስማር ብቻ ነው። ሌባው ብረቱን በፌሮ ቁራጭ ፈነቀለው። ሚስማሩ ከነብረቱ ተነቅሎ ወጣ። ስለዚህ ትልቅ ጓጉንቸር ከመግዛታችሁ በፊት ብረቱ በምን እንደተያዘ እዩ። በሚስማር ከሆነ በብሎን ይለወጥ። ብሎኑ ሳንቃውን በስቶ አልፎ ከውስጥ በኩል በዳዶ ይታሰር። ከውጭ የሚፈታ ብሎን ምንም አይጠቅምም።

መሰላልንም ደጅ ላይ ትታችሁ አትሂዱ። ለሌባው እናንተው መሰላል አበደራችሁት ማለት ነው።

ባዶ ቤት ይናገራል

ሌባ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን ነው። ይህን ደግሞ የምንነግረው እኛው ነን። የግቢው በር ከውጭ በኩል በጓጉንቸር ተቆልፎ ሲውል፣ «ማንም የለም» ብሎ እንደ መለፈፍ ነው። ማታ መብራት አይበራም። ገመድ ላይ ልብስ አይሰጣም። ደጁ አይጠረግም። አንዳንዱ ደግሞ ብልሃት ያገኘ መስሎት አምፖሉን አብርቶ ይሄዳል። ሌሊት ነገሩ ጥሩ ነው። ቀን በፀሐይ ሲበራ የዋለ አምፖል ግን ያው ባለቤቱ እንደሌለ ይመሰክራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ጎረቤት ነው። በእኛ ሰፈር ያየነውን እንንገራችሁ። በአንድ ግቢ ሁለት ቤተሰብ ይኖራል። አንደኛው ለመስቀል አገር ቤት ይገባል። ሁለተኛው እስላም ነው፤ እሱም የጉራጌ ሰው ስለሆነ አገር ቤት የሚገባው ለአረፋ ነው። ለመስቀል ያኛው ይቀራል፤ ለአረፋ ይሄኛው ይቀራል። የቀረው ሰው የግቢውን በር ከውስጥ ይቀረቅራል። ማታ የጎረቤቱን መብራት ያበራል፤ ጧት ያጠፋል። የራሱን ልብስ በጎረቤቱ ገመድ ላይ ያሰጣል። ደጁን ይጠርጋል። ለዚህ ሁሉ ክፍያው አንድ ቁና ቆሎና የተመለሰ ውለታ ነው። እንዲህ ያለ ጥበቃ በገንዘብ አይገኝም።

ቁልፉንም ለዚያ ለምታምኑት ሰው በእጁ ስጡት። ከድንጋይ ሥር፣ ከአበባ ጣሳ ሥር፣ ከበር ምንጣፍ ሥር አይቀመጥም። እነዚህን ቦታዎች የማያውቅ ሌባ የለም።

ለጎረቤትና ለእድር ዳኛ «እንሄዳለን» ማለት ተገቢ ነው። ለባለሱቁ፣ ለታክሲ ወረፋው፣ ለመንገደኛው ግን ምን ያደርግላቸዋል? ልጆቻችሁም አውቶቡሱ ውስጥ ፎቶ ተነሥተው ወዲያው ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፉ ንገሯቸው። ከተመለሱ በኋላ ቢለጥፉት ፎቶው አይበላሽም።

ሌባ ብቻ አይደለም ቤት የሚያበላሸው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ያያል፤ ውኃ የለም፤ እንደተከፈተ ትቶት ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን ውኃው ይመጣል፤ ቤቱ ኩሬ ይሆናል። የቡታጋዙም መዝጊያ ከሲሊንደሩ ላይ ይጠበቅ። የምጣዱ ሶኬት ይነቀል። ጎረቤታችሁም የፖሊስን 991 እና የእሳት አደጋን 939 ይወቅ።

ቁጥሩ

ወደ እኒያ እናት እንመለስ። ቤታቸው መዘረፉን ሲያዩ ደንግጠው አለቀሱ። ከዚያ ቤቱን ጠረጉ፤ በሩንም በውኃ አጠቡ። ፖሊስ ሲደርስ የሌባው አሻራ ታጥቦ አልቋል። ቤታችሁ ተሰብሮ ብታገኙት አትግቡ፤ ምንም አትንኩ፤ መጀመሪያ ጥሩ።

ከሁለት ወር በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ተጠሩ። ከሌቦች የተያዘ ዕቃ ተደርድሯል። ሦስት የስፌት መኪና አለ። ሦስቱም ሲንጀር፣ ሦስቱም ጥቁር፣ ሦስቱም ወርቃማ ጽሑፍ ያለባቸው ናቸው።

«የትኛው ነው የርስዎ? ቁጥሩን ያውቁታል?» አላቸው ፖሊሱ።

አያውቁም። ቁጥር እንዳለውም አልሰሙም። ሃያ ዓመት የሰፉበትን መኪና ፊት ለፊት እያዩ «ይሄ ነው» ማለት አቃታቸው። ሌሎች ሁለት ሴቶችም እንደሳቸው ቆመው ነበር። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ይህን የነገሩን ቁጥር ማንበብ በተማሩ በሳምንቱ ነው። ያን ቀን ትምህርቱን ትተን ሁላችንም ዝርዝር ስንጽፍ አመሸን። የዕቃው ስም፣ መልኩ፣ ቁጥሩ። የቴሌቪዥን ቁጥር ከጀርባው ይገኛል። በስልክ ላይ *#06# ሲመቱ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። የሲንጀር ቁጥር መኪናው ግርጌ ላይ ተቀርጿል። ዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ይጻፍ። አንዱ አብሮ ይጓዝ፤ ሁለተኛው ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ዝርዝሩ ከዕቃው ጋር ከተሰረቀ ምን ዋጋ አለው? ወርቅ፣ ገንዘብና የቤት ካርታ ደግሞ ጭራሽ ባዶ ቤት አይተውም። ፍራሽ ሥርና ዱቄት ውስጥ ሌባው መጀመሪያ የሚበረብርበት ነው።

እኒያ እናት በእቁብ ብር ሌላ መኪና ገዝተዋል። በማግስቱ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ከቁጥሩ ፊት ሁለት የፈረንጅ ፊደል አለ። እሱን እንደ ሥዕል አድርገው ገልብጠውታል። እኛ ቁጥሩን ጮክ ብለን ስናነብ አስቆሙን።

«6 አይደለም፤ 8 ነው። እያስተዋላችሁ እንጂ ልጆቼ!»