ክሮስኦቨር ወይስ ባለ ሻንሲ? ከወቅቱ በኋላ የቤተሰብ መኪና ለምትገዙ

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ኒውዮርክ የቡና ዋጋም ስለ ጤፍም አይደለም። የሚነካው ግን ያንኑ የእናንተን ካፒታል ነው። የቡናው ወቅት አልቆ ሒሳብ ሲወራረድ በውስጥ መስመር የሚበዛው ጥያቄ ይታወቃል፦ «ለቤተሰብ መኪና ልገዛ ነው፤ ፕራዶ ይሻለኛል ወይስ ራቭ ፎር?» አንዳንዱ አቅራቢ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ይገዛና ጥቅምት ሲመጣ የእሸት ቡና መግዣ ብር ፍለጋ ይዞራል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ልዩነቱ ምንድን ነው?

ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ከፍ ያሉ፣ ጎማቸው ትልቅ፣ አምስት ወይ ሰባት ሰው የሚይዙ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ሆዳቸው ሥር ነው። ቡናችሁን የሚጭነውን አይሱዙ አስቡት። ከሥሩ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ወፍራም ብረቶች አሉ፤ በመሃል አግዳሚዎች ያያይዟቸዋል፤ መሰላል ይመስላል። ሻንሲ ማለት እሱ ነው። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ዲፈረንሻሉም የሚታሰሩት እዚያ ላይ ነው፤ ቦዲው ከላይ በብሎን ይቀመጣል። ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ፎርቹነር፣ ኒሳን ፓትሮልና ፓጄሮ ስፖርት የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ፎርቹነር እንዲያውም መሠረቱን ከሃይሉክስ ፒክአፕ ጋር ይጋራል።

ክሮስኦቨር ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። ሸክሙን የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው፤ አሠራሩ እንደ ኮሮላ ሆኖ ከፍ ተደርጓል በሉት። ራቭ ፎር፣ ቱሳን፣ ኤክስ ትሬል፣ እንደ ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ ያሉት ኤሌክትሪኮችም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ስም ግን እንዳያታልላችሁ። የመጀመሪያው ሱዙኪ ቪታራ ባለ ሻንሲ ነበር፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ቪታራ ክሮስኦቨር ነው። ኒሳን ፓዝፋይንደርም ከ2005 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ያለው ሞዴል ባለ ሻንሲ ሲሆን ከ2013 ጀምሮ ያለው አይደለም። ጆንያ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ቡና አትገዙም፤ ናሙና ታወጣላችሁ። እዚህም ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ።

ባለ ሻንሲው የሚያሸንፈው የት ነው?

ሦስት ቦታ። አንደኛ፣ መንገዱ ሲያጣምም፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሌላው ድንጋይ ላይ ሲሆን ሻንሲው ጫናውን ይችለዋል። ሁለተኛ፣ ከባድ ሸክምና ጎታች ሥራ ላይ። ሦስተኛ፣ አብዛኞቹ ዝቅተኛ ማርሽ አላቸው፤ ጭቃና ዳገት ላይ መኪናው በዝግታና በኃይል ይወጣል። ብዙ ሰው «ከፍታው» ይላል እንጂ የከፍታው ልዩነት ብዙ ጊዜ ጥቂት ሳንቲሜትር ነው። ዋናው ዝቅተኛው ማርሽና ጎማው ነው። ብዙ ክሮስኦቨር በአራት ጎማ ይነዳል ተብሎ ቢሸጥም በተለመደው ጊዜ ኃይሉ የሚሄደው ወደ ፊት ጎማ ነው፤ የኋላው የሚያግዘው ሲንሸራተት ብቻ ነው። ለእርጥብ አስፋልትና ለኮረኮንች ይበቃል። ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ብዙ ስታታግሉት ግን ግሎ ሊያቆም ይችላል።

እንግዲህ የእናንተ መንገድ የቱ ነው? እዚህ ላይ የቡናና የእህል ነጋዴ ይለያያል። ጌዴኦና ጉጂ ዝናብ ሁለት ጊዜ ይዘንባል፤ አንዱ በበልግ፣ ሌላው ከመስከረም እስከ ኅዳር። እሸት የሚለቀምበት ጊዜ ሁለተኛው ዝናብ ላይ ይወድቃል። ማጠቢያ ጣቢያችሁ ከአስፋልት ርቆ ቀይ አፈር ላይ ካለና በሳምንት ሦስት አራት ቀን ራሳችሁ የምትመላለሱ ከሆነ ባለ ሻንሲ መኪና ቅንጦት አይደለም፤ የሥራ ዕቃ ነው። የጎጃምና የአርሲ እህል ግን በብዛት የሚሰበሰበው ከኅዳር እስከ ጥር፣ መንገዱ ሲደርቅ ነው። በዚያ ወቅት ለሚጓዝ እህል ነጋዴ ደህና ክሮስኦቨር ከበቂ በላይ ነው። በክረምት ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ፕራዶም ይሰምጣል፤ እሱን አትከራከሩበት።

ለቤተሰብስ?

የቤተሰብ መኪና ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ምንድን ነው? ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ አንዳንዴ ሐዋሳ ወይ ቢሾፍቱ። ከሞላ ጎደል ሁሉም አስፋልት ነው።

በዚህ ሥራ ክሮስኦቨሩ ይሻላል። ራቭ ፎር ወደ 1.7 ቶን ሲመዝን ትልቁ ላንድክሩዘር 2.5 ቶን ገደማ ነው። ከባድና ከፍ ያለ መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ የመገልበጥ ዕድሉ ይበልጣል፤ ጣሪያው ላይ ዕቃ ሲጫን ደግሞ ይብሳል። እርግጥ ከትንሽ መኪና ጋር ሲጋጭ ክብደቱ ውስጡ ላሉት ይጠቅማል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ብዙ ሰው የሚገዛው አሮጌ ሞዴል ነው። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መገልበጥን በጣም ይቀንሳል፤ ብዙ አሮጌ ባለ ሻንሲዎች ደግሞ እሱ የላቸውም። የልጆቻችሁ ደኅንነት ካሳሰባችሁ ከስሙ በፊት ኤርባጉንና ይህን ሥርዓት ጠይቁ።

ሌላም አለ። የባለ ሻንሲው ወለል ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናታችሁ ለመውጣት ሰው ይፈልጋሉ። ሻንሲው ከወለሉ ሥር ቦታ ስለሚይዝ ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ አዋቂ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ይደርሳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ

ለስሌት እንዲመች ክሮስኦቨሩ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር፣ ባለ ሻንሲው 12 ሊትር ይጠጣል እንበል። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ብትነዱ አንዱ 1,200፣ ሌላው 1,800 ሊትር ነው። ልዩነቱ 600 ሊትር። በዛሬው የነዳጅ ዋጋ ራሳችሁ አባዙት። ጎማውም፣ ፍሬን ሸራውም፣ ዘይቱም የሚበዛው በዚያው ወገን ነው።

ትልቁ ወጪ ግን ነዳጁ አይደለም፤ የታሰረው ብር ነው። በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለው ልዩነት 2,000,000 ብር ነው እንበል። ይህንን ብር በአንድ ወቅት ሦስት ጊዜ የምታዞሩትና በእያንዳንዱ ዙር 4 በመቶ የተጣራ የምታገኙበት ከሆነ 240,000 ብር ነው። ይህ በየዓመቱ የሚቀር ገቢ ነው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቀይሯቸው፤ ስሌቱ ግን ይኸው ነው።

«ፕራዶ እኮ ዋጋው አይወርድም፤ ቁጠባ ነው» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እውነት አለው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ብር ተዳከመ። አገር ውስጥ ያለው መኪና ዋጋው ተሰቀለ፤ ያኔ መኪና የያዘ አተረፈ። ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንድ፣ ዋጋውን ከያዙት ነገሮች ትልቁ መመሪያ ነው፤ መመሪያ ደግሞ ይቀየራል። ሁለት፣ የፕራዶ ግማሽ አይሸጥም። ጥቅምት ላይ አርሶ አደሩ እሸቱን ለቅሞ ሲመጣ ክፍያ የሚፈልገው በዚያው ቀን ነው። እሸት አያድርም፤ ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል። በጥድፊያ መኪና የሚሸጥ ሰው ደግሞ ዋጋ የሚቆርጥለት ገዢው ነው። ቁጠባ ከሆነ በፈለጋችሁት ሳምንት፣ በፈለጋችሁት መጠን የምታወጡት መሆን አለበት።

ኤሌክትሪኩስ?

አዲስ መኪና ለሚገዛ አሁን ምርጫው በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ክሮስኦቨር ነው። ለከተማ ሥራ ጥሩ ነው፤ ባትሪው ወለል ሥር ስለሚተኛ ክብደቱ ታች ነው፣ አይዋዥቅም። ነገር ግን ያው ባትሪ ኮረኮንች ላይ ለድንጋይ የተጋለጠ ነው፤ ከተመታ ጥገናው ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ስትሄዱ ቁልቁለት ይበዛል፤ ስትመለሱ ከ1,700 ሜትር ገደማ ወደ 2,300 ሜትር በላይ ነው የምትወጡት፤ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። የት እንደምትሞሉ ሳታውቁ አትውጡ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የእኔ ሐሳብ የሥራውን መኪና ከቤቱ መኪና መለየት ነው። ለቤተሰብ ክሮስኦቨር ግዙ። ገጠር የምትወጡት በዓመት አሥር አሥራ አምስት ቀን ከሆነ ለዚያ ጊዜ ፒክአፕ ተከራዩ። በየሳምንቱ ከሆነ ደግሞ ያገለገለ ፒክአፕ በድርጅቱ ስም ይገዛ፤ ጆንያም ይጭናል፣ ወጪውም በሥራው ሒሳብ ይያዛል። ዩኒየኖችም የመስክ መኪናን ከሥራ አስኪያጅ መኪና ጋር አንድ አድርጋችሁ አትግዙ። ሁለቱንም ሥራ በአንድ መኪና መሸፈን ግድ የሆነበትና መንገዱ በእውነት ጭቃ የሆነበት ሰው ብቻ ባለ ሻንሲውን ይግዛ፤ ያኔ ዋጋውን ይመልሳል።

ከመክፈላችሁ በፊት፦

1. ከሥር ግቡና እዩ። ባለ ሻንሲ ከሆነ የታጠፈ፣ የተበየደ፣ የዛገ ቦታ ፈልጉ። ክሮስኦቨር ከሆነ ወለሉ የተጨማደደ እንዳይሆን፤ ቦዲው ራሱ ሻንሲው ስለሆነ ክፉኛ የተጋጨ ክሮስኦቨር በቀለም አይድንም።
2. የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ።
3. ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብታችሁ ንዱት። የማይገባ ከሆነ የከፈላችሁበት ነገር የለም ማለት ነው።
4. መኪናውን ስትነሡ የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋቱን እዩ። ጭራሽ ካልበራም ጠርጥሩ።
5. ባለቤታችሁን፣ ልጆቹንና እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉም ወጥተው፣ ተቀምጠው፣ ቀበቶ አስረው ይዩት። መኪናው የነሱ ነው።

በሚቀጥለው ጽሑፍ ወደ ዋጋችን እንመለሳለን። መልካም ገበያ!