የድራሴና ቅጠል ጫፍ መድረቅና የስምጥ ሸለቆ ውሃ

በቤትና በቢሮ ውስጥ የሚያድጉ ተክሎች ቅጠል ቡናማ መሆን ሲጀምር ባለቤቶቻቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚወስዱት እርምጃ አንድ ነው፤ ውሃ ይጨምራሉ። ይህ አንዳንዴ ተክሉን ያድነዋል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን የጉዳቱን መንሥኤ መድኃኒት ብሎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ይህ አጭር ጽሑፍ ምክንያቱን ያብራራል።

መንሥኤውን ለመለየት አስቀድሞ መታየት ያለበት ቡናማው ቀለም የጀመረበት ቦታ ነው። ወደ መስኮቱ በዞረው ገጽ መካከል የወጣ ደረቅ ምልክት የፀሐይ ቃጠሎ ነው፤ ተክሉን ከመስኮቱ ማራቅ ይበቃል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ከለሰለሱና አፈሩ መጥፎ ሽታ ካመጣ ሥሩ በስብሷል። ውሃ የሞላው አፈር አየር ስለማይኖረው ሥሩ ይታፈናል፤ የሞተ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ በውሃ ውስጥ ቆሞ የተጠማ ይመስላል። በዚህ መልክ ተታሎ ውሃ የሚጨምር ሰው የተረፈውንም ሥር ያጠፋል።

የቅጠል ጫፍ ብቻ መድረቅ የተለየ ነገር ነው። አፈሩ ደርቆ ሲሰነብት ወይም የበጋው አየር እርጥበት ሲያጣ ሊከሰት ይችላል። ነገር ግን አፈሩ እርጥብ፣ ሥሩም ጤናማ ሆኖ ሳለ የድራሴና ወይም የክሎሮፊተም (ነጭ መስመር ያለበት ረጅም ቅጠል ያለውና ቡቃያዎቹን በቀጭን ዘንግ ላይ አንጠልጥሎ የሚያወጣው ተክል) ጫፍና ጠርዝ ከደረቀ ጥርጣሬው ወደ ውሃው መዞር አለበት።

የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ጋር ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ በብዙ ቦታዎች ፍሎራይድ ይበዛበታል። በአካባቢው ተወላጆች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም የዚሁ ውጤት ነው። በተክል ውስጥ ፍሎራይድ በሥር ገብቶ ከውሃው ጋር ወደ ቅጠል ይወጣል፤ ውሃው ሲተን እርሱ በጫፍና በጠርዝ ይቀራል። ወደ ኋላ ስለማይመለስም እየተከማቸ ሕዋሳቱን ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ድራሴና ከ1 ሚሊ ግራም ባነሰ መጠንም ይጎዳል። ስለዚህ ለሰው ተስማሚ የተባለ ውሃ ለዚህ ተክል ላይስማማ ይችላል። የደረቀ ጫፍ ግን የመጠጥ ውሃ መመርመሪያ አይደለም፤ ለዚያ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል።

ጥርጣሬውን በቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ከአንድ ክሎሮፊተም ሁለት ቡቃያዎች ተወስደው በአንድ ዓይነት አፈር ይተከላሉ፤ አንዱ የዝናብ ውሃ፣ ሌላው የቧንቧ ውሃ ይጠጣል። ንጽጽሩ መደረግ ያለበት ከጥቂት ወራት በኋላ በወጡት አዳዲስ ቅጠሎች ነው፤ የደረቀ ጫፍ ተመልሶ አይለመልምምና።

ውሃን አፍልቶ ማቀዝቀዝ በብዙዎች ዘንድ እንደ መፍትሔ ይታሰባል። ፍሎራይድ ግን በመፍላት አይወጣም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን ክምችቱ ይጨምራል። ውሃን ማሳደርም ክሎሪንን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ፍሎራይድን አይነካም። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ጥቂት ኖራ መቀላቀል ይረዳል፤ በኖራው ያለው ካልሲየም ፍሎራይዱን ይዞ ሥሩ በቀላሉ እንዳይወስደው ያደርጋል። ሱፐር ፎስፌት ማዳበሪያ ከፎስፌት ዐለት የሚሠራና ራሱ ፍሎራይድ የሚይዝ ስለሆነ ለእነዚህ ተክሎች ባይሰጥ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚሻለው የክረምት ዝናብ ነው። የጣሪያውን አቧራ የሚያጥበው የመጀመሪያው ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ያለው ተጠራቅሞ፣ ተከድኖ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ይቀመጣል። በሳምንት ግማሽ ሊትር ለሚበቃው ተክል አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ሳምንት ያገለግላል፤ ይህም ከመስከረም እስከ ሰኔ ያደርሳል።