የልብ ሕመም ምልክት በድካም ስም እንዳይታለፍ

በገጠሩ የአገራችን ክፍል ልብ ሲመታና ትንፋሽ ሲያጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ስም ድካም፣ ብርድ ወይም ጨጓራ ነው። ይህን ስም የሚሰጡት ጎረቤትና ዘመድ ብቻ አይደሉም። ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ ሕክምና ቤት የደረሰ ሕመምተኛም ደረቱ በማዳመጫ ሳይመረመር ይህንኑ መልስ ከባለሙያ ሰምቶና ክኒን ተቀብሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ። መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ትክክል ሳይሆን ሲቀር ግን የሚከፈለው ዋጋ ከባድ በመሆኑ፣ ጉዳዩ የአርሶ አደሩንም ሆነ የጤና ባለሙያውን ትኩረት ይሻል።

በአንድ የደጋ ቀበሌ የሚኖሩ የ27 ዓመት ወይዘሮ የደረሰባቸውን ለአብነት መጥቀስ ይቻላል። የ3 ልጆች እናት የሆኑት እኚህ ወይዘሮ ቀደም ሲል 20 ሊትር ውኃ አዝለው ከምንጩ እስከ ቤታቸው ያለውን ዳገት ያለ ዕረፍት ይወጡ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን በዚያው መንገድ ላይ 4 ጊዜ መቀመጥ ግድ ሆነባቸው። ሌሊት ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸውም ግድግዳ ተደግፈው ማደር ጀመሩ።

ወይዘሮዋ ወደ አንድ ሕክምና ቤት 2 ጊዜ ሄደዋል። በመጀመሪያው «ጨጓራ ነው፤ በርበሬ ይቀንሱ» ተባሉ። በሁለተኛው ደግሞ ወጣት በመሆናቸው የልብ ሕመም እንደማያሰጋቸው ተነግሯቸው፣ ሐሳብ እንዳያበዙ ተመክረው ተመለሱ። «ድካምንማ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ይህ ድካም አይደለም ብል የሚሰማኝ አጣሁ» ሲሉ ይናገራሉ። በመጨረሻ ሪፈር ተጽፎላቸው ሆስፒታል ሲደርሱ፣ ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ ወደ ልብ አልትራሳውንድ ላካቸው። የግራው የልብ ክፍል ቫልቭ መጥበቡም ታወቀ።

ከጉሮሮ የሚነሣ ጉዳት

እንዲህ ያለው የቫልቭ ጉዳት በአብዛኛው የሚጀምረው በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣው የጉሮሮ ቁስለት ሳይታከም ሲቀር፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያህል ቆይቶ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል። በሽታው ይበልጥ የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚሆናቸውን ልጆች ነው። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዛወራል። የመገጣጠሚያው ሕመም ጠባሳ ሳይተው ያልፋል። በልብ ቫልቭ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ሊቀርና ትኩሳቱ በተመላለሰ ቁጥር እየባሰ ሊሄድ ይችላል።

መስኖ የሚያለማ አርሶ አደር የቫልቭን ሥራ በቀላሉ ይረዳዋል። ቫልቭ ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው። የቦይ መዝጊያ በደንብ አልከፈት ሲል ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ የላይኛውን ማሳ እንደሚያጥለቀልቅ ሁሉ፣ ይህ ቫልቭ ሲጠብም ደም ወደ ሳንባ ይጠራቀማል። ዳገት ሲወጡና ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ ያለው ደም እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ ሳይታወቅ የቆየ የቫልቭ ጥበት በእርግዝናና በወሊድ ወቅት የእናቲቱን ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ከላይ የተጠቀሱት ወይዘሮ አራተኛ ልጅ ለመውለድ ያስቡ ስለነበር፣ ምርመራው በጊዜ መደረጉ ትልቅ ትርጉም ነበረው።

ሕመምን በሥራ ለክቶ መናገር

ልብ የሚመታበት ሁሉ የልብ በሽተኛ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የደም ማነስ፣ ከእንቅርት ጋር የተያያዘ ሕመም፣ ጭንቀት፣ ብዙ ቡና መጠጣትም ልብን ያስመታሉ። እነዚህን ከቫልቭ ጉዳት ለመለየት ግን ሕመምተኛውን መጠየቅ፣ ማዳመጥና መመርመር ያስፈልጋል። በሬው ከቀንበር ሥር ደጋግሞ ሲተኛ አስተዋይ ገበሬ ወዲያው ጅራፍ አያነሣም፤ ሰኮናውንና አፉን ያያል፣ ትከሻውን ይዳብሳል።

ሕመምተኛውም ቃሉ ክብደት እንዲያገኝ «ደከመኝ» ብሎ ከመተው ይልቅ ሕመሙን በሥራው ለክቶ ቢያስረዳ ይጠቅመዋል። አምና ሳያርፍ የሚወጣውን ዳገት ዘንድሮ ስንት ጊዜ አርፎ እንደሚወጣው፣ ጋደም ብሎ መተኛት ይችል እንደሆነ፣ ልቡ የሚመታው ሥራ ላይ ነው ወይስ ተቀምጦም፣ እግሩ ማታ ማታ ያብጥ እንደሆነ በዝርዝር መናገር አለበት። በልጅነቱ መገጣጠሚያው አብጦ ያውቅ እንደሆነም ማስታወስ ይገባዋል። ብቻውን ከሚሄድ ይልቅ የቤቱን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው አብሮት ቢሄድ መልካም ነው። የጨጓራ መድኃኒት ወስዶ ካልተሻለው ተመልሶ መሄድ፣ «ልቤን ያዳምጡልኝ፤ እዚህ የማይታወቅ ከሆነም ሪፈር ይጻፉልኝ» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው እንጂ ድፍረት አይደለም። ራስን መሳት፣ ደም የቀላቀለ ሳል፣ ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ማጣት ወይም የአንድ ጎን መዛል ከታየ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

መከላከያው በእጅ ነው

ባክቴሪያው ያመጣው የጉሮሮ ቁስለት በባለሙያ ትእዛዝ በሚሰጥ የፔኒሲሊን ሕክምና ይድናል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ይልቁንም ለመድማትና ለሌላ ቁስለት ያጋልጣል። አንድ ጊዜ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅም ትኩሳቱ እንዳይመለስበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ሳያቋርጥ መከታተል አለበት።

ቫልቩ ክፉኛ ለተጎዳ ሰው የሚሰጠው ሕክምና ውድና ባለሙያው ጥቂት ነው። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ የጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ሆኗል። የዓለም የጤና ጉባኤም በግንቦት 2010 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ አገሮች ለሩማቲክ የልብ ሕመም ትኩረት እንዲሰጡ ጠይቋል። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ወደነዚህ ተቋማት የሚደርሰው በመጀመሪያ የገባበት ሕክምና ቤት ቃሉን ሰምቶ መንገዱን ሲያሳየው ነው።

በመሆኑም በየጤና ጣቢያው የሚሠሩ ባለሙያዎች ብዙ ሰው ተሰልፎ በሚጠብቅበት ቀን እንኳ፣ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ደረት ሳያዳምጡ ማሰናበት አይኖርባቸውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የልጆችን የጉሮሮ ሕመምና የመገጣጠሚያ እብጠት ጉዳይ በየቤቱ በሚያደርጉት ጉብኝት ቢያነሡ፣ ነዋሪውም በዕድርና በማኅበር ስብሰባው ቢነጋገርበት፣ ብዙ ወጣት እናቶችንና ልጆችን ከአደጋ ማዳን ይቻላል።