ድል ያልተገኘበት የመተማ ውጊያ

የነፃነት ዘመቻችን ሲነሣ ሁላችንም ፈጥነን የምናስታውሰው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበር የተሻገሩበትን ቀን ነው። ከዚያ ሁለት ወር ተኩል ያህል አስቀድሞ በመተማ ግንባር የተደረገውን ውጊያ ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በዚያ ቀን ድል አልተገኘም።

መተማ ለጦርነት እንግዳ አይደለችም፤ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው የቆሰሉት በዚሁ ምድር ነው። በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. ደግሞ ጣልያን ከመተማ ተነሥቶ በሱዳን በኩል ፊት ለፊት የሚገኘውን የገላባትን ምሽግ ያዘ።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ማለዳ፣ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚታዘዘው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ በመድፍ፣ በአይሮፕላንና በ12 ታንኮች ታግዞ ገላባትን አጠቃ። ምሽጉም ብዙ ሳይቆይ ተያዘ። ይሁን እንጂ ወደ መተማ መግፋት የነበረባቸው ታንኮች አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ። የጣልያን አይሮፕላኖች ሰማዩን ያዙ፤ ከእንግሊዝ ወታደሮችም አንዳንዶቹ ደንግጠው ወደ ኋላ ሸሹ። ስሊም በማግሥቱ ጦሩን ከምሽጉ አስወጣ።

ይህ ሰው ኋላ ፊልድ ማርሻል ሆነ። ስለዚያ ቀን ሲጽፍ ግን ጥፋቱን በማንም ላይ አላላከከም፤ ከሁለት መንገድ ደፋሩን መተዉንና ፍርሃቱን መስማቱን በግልጽ ተናገረ።

ጦሩም ቢያፈገፍግ ግንባሩን አልለቀቀም። ጥር 23 ቀን 1933 ዓ.ም. ጣልያኖች መተማን ትተው ወደ ጎንደር አቅጣጫ ሸሹ። ሲያሳድዷቸው ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለው ወጣት የሕንድ መኮንን፣ ተሽከርካሪው ሁለት ጊዜ በፈንጂ ተመትቶ ጆሮው እየተጎዳ፣ በ4 ቀን ውስጥ 15 የፈንጂ ቦታዎችን አስጠርጓል፤ ስለዚህም ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ።

ከመተማ በስተሰሜን፣ ዛሬ የአብርሃ ጅራ ከተማ በምትገኝበት በአርማጭሆ ምድር ደግሞ፣ ውብነህ ተሰማን የመሰሉ አርበኞች ታንክም አይሮፕላንም ሳይኖራቸው ዓመታት ሙሉ ተዋግተዋል። የነርሱም ትግል ከድሉ ቀን በፊት የተቆጠረ የመከራ ቀን ነው። የጎንደር የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ እኛ ወጣቶች የጥቅምት 27ን ውሎ ከድሉ ቀን ጋር አብረን ልናነበው ይገባል። በየመሥሪያ ቤታችን የተሳካውን ብቻ በሪፖርት እየጻፍን ያልተሳካውን በመሳቢያ የምንቆልፍ ከሆነ፣ ከኛ በኋላ የሚመጣው ሰው በዚያው ፈንጂ ላይ ይወጣል።