ስለ ዐውሎ ነፋስና ስለ መጠጊያው ትምህርት ቤት፤ የባንግላዴሽ ሕዝብ ካለፈው ጥፋት የተማረው

ከሕንድ ውቅያኖስ በስተ ሰሜን የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የሚባል ሰፊ ባሕር አለ። የባንግላዴሽ አገር የሚገኘው በዚህ ባሕር ራስ ላይ ነው። ጋንጅስ፤ ብራህማፑትራና መግና የተባሉት ታላላቅ ወንዞች ከሩቅ ተራሮች እየጠረጉ ያመጡት ደለል ብዙ ሺሕ ዓመት ሲከማች ኖሮ አገሩን ሠራው። ስለዚህ ምድሩ እጅግ ለም ነው፤ ነገር ግን በጠረፉ በኩል ከባሕሩ ወለል ብዙ ከፍ አይልም። ድኻው ገበሬም መሬት ከማጣቱ የተነሣ ደለሉ በቅርብ ጊዜ ወደ ሠራቸው ደሴቶች ድረስ ሄዶ ሩዝ ይዘራል፤ ከብት ያረባል፤ ዓሣ ያጠምዳል። እንጀራውን የሚሰጠው ውሃ ቤቱንና ልጆቹን የሚወስድበት ጊዜ አለ።

ይህ ሕዝብ በአንድ ሌሊት ብዙ መቶ ሺሕ ሰው የሞተበት ሕዝብ ነው። ዛሬ ግን ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ የሚሞተው ሰው ቍጥር እጅግ አንሷል። ነፋሱ አልደከመም፤ ባሕሩም አልራቀም፤ የተለወጠው የሰው ሥራ ነው። ከዚህም ሥራ መካከል አንዱና ታላቁ በየመንደሩ የተሠራው ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፤ ነገሩን መምህራንና ሽማግሌዎች ቢያውቁት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የባሕሩ ሙላት የሚነሣበት ምክንያት

በባንግላዴሽ ጠረፍ ዐውሎ ነፋስ የሚበዛባቸው ጊዜያት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከታላቁ ዝናብ በፊት በአፕሪልና በሜይ፤ ሁለተኛው ከዝናቡ በኋላ በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። በእነዚህ ወራት ባሕሩ በፀሓይ ሞቆ ይቈያል። ከሞቀው ባሕር እርጥብ አየር ወደ ላይ ሲወጣ በስፍራው ሌላ አየር ከየአቅጣጫው ይሮጣል። ምድርም የምትዞር ስለ ሆነች የሚሮጠው አየር በቀጥታ አይሄድም፤ እየተጠማዘዘ ይዞራል። እንዲህ እየዞረ ከባሕሩ ሙቀት ኀይል ሲጨምር ዐውሎ ነፋስ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ብዙውን ሰው የሚገድለው ነፋሱ አይደለም፤ ውሃው ነው። ነፋሱ የባሕሩን ውሃ በፊቱ እየገፋ ያመጣዋል። ባሕሩ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ የተገፋው ውሃ በሥር በኩል ይመለሳል። የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ግን በስተ ሰሜን በኩል ጥልቀቱ ጥቂት ነው፤ ደግሞም እንደ ቀንድ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ወደ ታችም ወደ ጎንም የሚሸሽበት መንገድ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሣና እንደ ግንብ ሆኖ ወደ የብስ ይገባል። ባሕሩ በየዕለቱ በልማዱ የሚሞላበት ሰዓትና የዐውሎ ነፋሱ ሰዓት አንድ የሆኑ እንደ ሆነ ጥፋቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

በ1970 የሆነው ጥፋት

በኖቬምበር 12 ቀን 1970 ሌሊት ዐውሎ ነፋሱ የቦላን ደሴትና በዙሪያው ያለውን ጠረፍ መታ። ያን ጊዜ አገሩ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል ነበር። ባሕሩ በልማዱ በሚሞላበት ሰዓት ስለ ደረሰ፤ ሕዝቡ በተኛበት ውሃው ደሴቶቹን ከዳር እስከ ዳር ሸፈናቸው። የሞተው ሰው ከ300,000 እስከ 500,000 እንደሚደርስ ይገመታል። በታሪክ ከታወቁት ዐውሎ ነፋሶች ሁሉ ይህን ያህል ሰው የገደለ ሌላ አይጠቀስም።

ከዚህ ጥፋት የሚወጣው ትምህርት የሚያስገርም ነው። ዐውሎ ነፋሱ ሳይታይ በድንገት የመጣ አልነበረም። የአየርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት በሳተላይት ሥዕልና በራዳር መምጣቱን ዐውቀው ነበር። ነገር ግን ዕውቀቱ ከከተማው መሥሪያ ቤት ወደ ዓሣ አጥማጁ ጎጆ የሚወርድበት መንገድ አልተበጀም። ወሬው የደረሰውም ሰው ቢሆን የውሃው ከፍታ ምን ያህል እንደሚሆን የሚገልጽ ቃል አልሰማም። የተረዳውም ሰው ቢሆን የሚሸሽበት ከፍ ያለ ስፍራ አልነበረውም፤ ከዛፍ ላይ ከመውጣት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም። እንግዲህ የጐደሉት ነገሮች ሦስት ነበሩ፤ የሚታመን ቃል፤ መጠጊያ ቤት፤ ወደ ቤቱም የሚያደርስ መንገድ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ሁለቱ ብቻቸውን አያድኑም።

ቃሉ ወደ መንደር የሚደርስበት መንገድ

ባንግላዴሽ በ1971 ነጻ መንግሥት ሆነች። ከጥቂት ጊዜም በኋላ፤ በ1972ና በ1973፤ መንግሥቱና የቀይ ጨረቃ ማኅበር በአንድነት የዐውሎ ነፋስ መከላከያ ድርጅት አቆሙ። የድርጅቱ ሠራተኞች ደመወዝ የሌላቸው የመንደር ሰዎች ናቸው። ዛሬ ቍጥራቸው ከ70,000 ይበልጣል።

አሠራራቸውም እንዲህ ነው። ከዋናው ከተማ የመጣው ማስታወቂያ በራዲዮ ወደ እነርሱ ሲደርስ በመንደሩ ከፍ ያለ ስፍራ ባንዲራ ይሰቅላሉ። አንድ ባንዲራ ተጠንቀቁ ማለት ነው፤ ሁለት ባንዲራ አደጋው መቅረቡን ያስታውቃል፤ ሦስት ባንዲራ የተሰቀለ እንደ ሆነ ግን ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ መጠጊያው መሄድ አለበት። ማንበብ የማይችል ሰው ባንዲራውን ይቈጥራል፤ ማየት የማይችልም በድምፅ ማጉያና በእጅ በሚዞር ሲረን የሚነገረውን ይሰማል። ሽማግሌና በሽተኛ የሚሸከሙ ሰዎች አስቀድመው የታወቁ ናቸው። ነጋሪው የጎረቤት ልጅ ስለ ሆነ ሕዝቡ ቃሉን ያምናል። ባዳ መጥቶ ቤትህን ጥለህ ውጣ ቢለው የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው።

በዚያው ዘመን ለከብት መሸሻ የሚሆኑ ከፍ ያሉ የዐፈር ጕብታዎች ተሠሩ። ይህ ነገር ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ያለችው አንዲት ላም ብቻ የሆነች ገበሬ ላሚቱን ጥሎ እንዲሸሽ ቢነገረው እሺ አይልም። ከብቱ የሚድንበት ስፍራ ሲበጅለት ግን ከልጆቹ ጋር ይወጣል።

በ1991 የተገኘው ሁለተኛ ትምህርት

በአፕሪል 29 ቀን 1991 ሌላ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በቺታጎንግ በኩል ገባ። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ያህል፤ የውሃውም ከፍታ 6 ሜትር ያህል ነበር። የሞተው ሰው 138,000 ያህል ሆነ። ይህ ከ1970ው ያነሰ ቢሆንም እጅግ ከባድ ሐዘን ነበር። ሊቃውንቱም ጥፋቱን መርምረው ምክንያቱን ፈለጉ።

ያን ጊዜ በጠረፉ ሁሉ ተሠርተው የነበሩት መጠጊያ ቤቶች ከጥቂት መቶዎች አይበልጡም ነበር። ወደ እነዚህ ቤቶች የገቡት ሰዎች ድነዋል። ስለዚህ ቤቱ ያድናል የሚለው ነገር በተግባር ተረጋገጠ፤ የጐደለው ቍጥሩ ነው። ሁለተኛም፤ ከሞቱት መካከል ሴቶችና ልጆች ከወንዶች ይልቅ እጅግ በዙ። ብዙዎቹ ሴቶች ባላቸው እስኪመጣ ድረስ ከቤት አልወጡም፤ ከማያውቁት ወንድ ጋር በአንድ ክፍል ተጨናንቀው ማደርን አፈሩ፤ ልጆቻቸውን ታቅፈው ረጅም ልብሳቸው እየጠለፋቸው በውሃ ውስጥ መሮጥ አልቻሉም። እንግዲህ መጠጊያ ቤት ሲሠራ የሲሚንቶውን ጽናት ብቻ ማሰብ እንደማይበቃ ታወቀ። ቤቱ ለሴቶች የተለየ ክፍል ከሌለው፤ በውስጡም የሚጠጣ ውሃና መጸዳጃ ከሌለ፤ ለግማሹ ሕዝብ እንዳልተሠራ ይቈጠራል። ከነጋሪዎቹም መካከል ሴቶች እንዲበዙ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ትምህርት ቤቱ እንዴት መጠጊያ ሆነ

ከ1991 በኋላ ብዙ ሺሕ መጠጊያ ቤቶች ተሠሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ይህ የሆነው ገንዘብ ለመቈጠብ ብቻ አይደለም። ለዐውሎ ነፋስ ብቻ ተሠርቶ ተዘግቶ የሚቀመጥ ቤት በጥቂት ዓመት ይበላሻል፤ መዝጊያው ይሰረቃል፤ ቍልፉን የያዘውም ሰው በአስፈላጊው ሌሊት አይገኝም። ትምህርት ቤት ግን በየቀኑ ይከፈታል፤ ይጠረጋል፤ የፈረሰው ይታደሳል። ሕፃኑ በየጧቱ የሚሄድበትን መንገድ በጨለማም አይስተውም፤ እናቱንም እጅዋን ይዞ ይመራታል።

የቤቱ አሠራር ለማስተዋል የሚገባ ነው። ሕንጻው በብረትና በሲሚንቶ በተሠሩ ወፍራም ዓምዶች ላይ ይቆማል። የታችኛው ክፍል ግድግዳ የለውም፤ ባዶ ነው። ይህም ውሃው በዓምዶቹ መካከል እንዲያልፍና ግድግዳ እንዳያገኝ ነው፤ ምክንያቱም የሚሮጥ ውሃ የሚከለክለውን ነገር ይገፋል፤ መንገድ የሚለቅለትን ግን ትቶት ያልፋል። የመማሪያ ክፍሎቹ በላይኛው ደርብ ናቸው። ጣራው ነፋስ እንደሚገነጥለው ቆርቆሮ ሳይሆን በሲሚንቶ የፈሰሰ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ሰው ሊወጣበት ይችላል። ደረጃው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲወጣበት ሰፊ ነው። በአንዳንዱም ቤት ከብትና መራመድ የማይችል ሰው የሚወጣበት ተዳፋት መንገድና የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጋን ተጨምሯል።

ከዚያ ወዲህ የታየው ፍሬ

በኖቬምበር 15 ቀን 2007 ሲድር የተባለው ዐውሎ ነፋስ በ1991 ከመጣው ጋር የሚመጣጠን ነፋስ ይዞ ገባ። የሞተው ሰው 3,400 ያህል ነው። በሜይ 2020 ደግሞ አምፋን የተባለው በሕንድ ጠረፍ ገብቶ ባንግላዴሽን ሲመታ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ አስቀድሞ ወደ መጠጊያ ሄደ። በባንግላዴሽ የሞተው ሰው ከመቶ በታች ነበር። ያን ጊዜ የኮሮና በሽታ ስለ ነበረ ሰው ተራርቆ እንዲያድር ተጨማሪ ቤቶች ተከፈቱ።

እርግጥ ዐውሎ ነፋስ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የሚገባበት ስፍራና ሰዓት ይለያያል። ሲድርን ሱንዳርባንስ የተባለው የባሕር ዳር ጫካ ተቀብሎ ኀይሉን አደከመለት። ይህም ራሱ ትምህርት ሆነ፤ ሥሩን በጨው ውሃ ውስጥ የሚሰድደው ዛፍ የማዕበሉን ጕልበት ስለሚሰብር፤ የደን መሥሪያ ቤቱ ከ1966 ጀምሮ በጠረፉ ይህን ዛፍ ሲያስተክል ኖሯል።

ያልተፈጸመም ሥራ አለ። በሜይ 2009 አይላ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ የሞተው ሰው ጥቂት መቶ ነበር፤ ነገር ግን ባሕሩ የዐፈሩን ግድብ ጥሶ ገባ። ግድቡ ቀድሞ የተሠራው በየዕለቱ የሚሞላውን ባሕር እንዲከለክል ነበር፤ የዐውሎ ነፋስን ሙላት እንዲችል አልነበረም። የጨው ውሃ በእርሻው ላይ ቈየ፤ የሚጠጣው ኵሬ ተበላሸ፤ ብዙ ቤተሰብ በግድቡ ጫፍ ላይ ጎጆ ቀልሶ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ሰው ድኖ እርሻው ቢሞት ድኅነቱ ሙሉ አይደለም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ግድቡን ከፍ ማድረግና ጎኑን በዛፍ ማጠንከር ተጀመረ።

ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የሚጠቅመው

የቤንጋል ማዕበል ወደ ኢትዮጵያ ተራሮች አይደርስም፤ ጎርፍና ብርቱ ነፋስ ግን ይደርሳሉ። በ2006፤ ማለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም.፤ በክረምት ሌሊት በድሬዳዋ የደጫቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ገደለ። ዝናቡ የጣለው በደጋው ነበር፤ ውሃው የወረደው ግን በቆላው በተኛው ሕዝብ ላይ ነው። በላይ ያለው ያየውን በታች ላለው የሚያደርስበት መንገድ አስቀድሞ ካልተበጀ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል።

እንግዲህ የመንደሩ መምህር ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ ሊሠራቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፤ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ ወንዙ በየትኛው ዓመት እስከ የት እንደ ደረሰ በመዝገብ ይጻፍ፤ ውሃው የደረሰበትንም ልክ በድንጋይ ወይም በግድግዳ ላይ ምልክት ያድርግበት።

ሁለተኛ፤ አዲስ ትምህርት ቤት ሲታሰብ ስፍራው ከዚያ ምልክት በላይ እንዲሆን ይምከር። በበጋ ደርቆ የሚታይ አሸዋማ ሜዳ ቀድሞ የወንዝ መንገድ እንደ ነበረ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው።

ሦስተኛ፤ የቆርቆሮውን ጣራ ይመርምር። ነፋስ ጣራን የሚጥለው ከላይ ተጭኖ አይደለም፤ በበርና በመስኮት ገብቶ ከሥር እየገፋ፤ በላዩም እያለፈ ወደ ላይ እየሳበ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮው ከማገሩ፤ ማገሩ ከወራጁ፤ ወራጁ ከምሰሶው፤ ምሰሶውም ከመሠረቱ ጋር በጠንካራ ሽቦ ወይም በብረት መያያዝ አለበት። ከእነዚህ አንዱ የላላ እንደ ሆነ የቀሩት ቢጠብቁም ጣራው ይሄዳል።

አራተኛ፤ ክረምት ሳይገባ ተማሪዎቹን ወደ ከፍተኛው ስፍራ በሚወስደው መንገድ አንድ ጊዜ ያስኪዳቸው፤ ለደካሞችና ለአረጋውያንም የሚረዳቸው ሰው ማን እንደ ሆነ በስም ይታወቅ።

ከእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው የማይዘገይ ነው። ታላቁን ጎርፍ በዓይኑ ያየ ሽማግሌ ሲሞት ምልክቱ አብሮት ይቀበራል፤ ልጆቹም በደረቀው አሸዋ ላይ ቤት ይሠራሉ። ስለዚህ መምህሩ መዝገቡን ይዞ በዚህ በጋ ወደ ሽማግሌዎቹ ይሂድ።