«ድምቀት» ወይስ «እንቅስቃሴ»? የኔቡላ ፎቶግራፍ ቃላትን ስለ መሰየም

የአንድ ሙያ ቃል በትክክል ሳይሰየም ሲቀር ጉዳቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ተወስኖ የሚቀር ይመስለን ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ የሰፈራችን ወጣት ከላምበረት ሽቅብ ባለው የየካ ኮረብታ ላይ የኦሪዮንን ኔቡላ ፎቶግራፍ ለማንሳት ሦስት ሌሊት ደከመ። በእጁ ከውጭ ቋንቋ ተተርጉሞ የተሰጠው መመሪያ ነበረ። መመሪያው፣ ምስሉ መልካም ሆኖ እንዲወጣ «ከፍተኛ ተንቀሳቃሽ ክልል» ያስፈልጋል ይላል። ወጣቱም ካሜራውን ከሰማዩ ጋር የሚያዞረው መሣሪያ እንቅስቃሴ የጎደለው መስሎት ሲፈታና ሲያጠብቅ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ወደ ቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የሚንቀሳቀሰው የቱ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ስሕተቱ የመሣሪያው ሳይሆን የቃሉ ነበረ።

ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ነገሩን ራሱን፣ ቀጥሎም ለነገሩ የሚስማሙትን ቃላት ለማስረዳት ይሞክራል። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት የተመረጠ አይደለም፤ ነገሩን ሳያውቅ ቃል የሚሰይም ሰው የሚተረጉመው ፊደሉን እንጂ ትርጉሙን አይደለምና።

1. ነገሩ

ኔቡላ በከዋክብት መካከል የሚገኝ የጋዝና የአቧራ ክምችት ነው። ከሁሉ የታወቀው በኦሪዮን ሰይፍ ላይ የሚታየው ሲሆን፣ ከእኛ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ኦሪዮን ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለም፤ በመጽሐፈ ኢዮብ ከሰባቱ ከዋክብት ጋር ተጠቅሷል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ኦሪዮን በበጋ ሌሊት በአናታችን አቅራቢያ ያልፋል። ከዚሁ ቦታ በስተ ደቡብ፣ ለአውሮፓ ሰው ከቶ የማይወጣው የካሪና ኔቡላ ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በአንጻሩ በሰኔና በሐምሌ ሌሊት የሚጎሉትን ኔቡላዎች የክረምቱ ደመና ይሸፍንብናል።

በእንጦጦ ተራራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። ከፍታው መልካም ቢሆንም የከተማው መብራት ከሥር ይጋፋል። የላምበረትና የኮተቤ መብራት እየበዛ በሄደ ቁጥር ደብዛዛው የኔቡላ ጠርዝ ከሰማዩ ንጣት ጋር እየተደባለቀ ይሄዳል። ወጣቱም ሆነ ተመራማሪው የሚታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

ኔቡላን በፎቶግራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረጸው አሜሪካዊው ሄንሪ ድሬፐር ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1880 የኦሪዮንን ኔቡላ ብርሃን ለ51 ደቂቃ አጠራቅሞ አነሣው። በ1883 እንግሊዛዊው ኤንስሊ ኮመን ለረዥም ጊዜ ባነሣው ምስል ላይ በዓይን የማይታዩ ከዋክብት ወጡ። ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፍ ዓይን ያየውን የሚመዘግብ ብቻ ሳይሆን፣ ዓይን ያላየውንም የሚያሳይ መሣሪያ ሆነ።

2. ችግሩ

የኦሪዮን ኔቡላ እምብርት ላይ በጣም ደማቅ የሆኑ አራት ከዋክብት አሉ፤ ክንፎቹ ግን እጅግ ደብዛዛ ናቸው። ለእምብርቱ ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል፤ ለክንፎቹ ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። ክንፉን ለማውጣት ስንቆይ እምብርቱ ነጭ እድፍ ይሆናል፤ እምብርቱን ለማዳን ስንቸኩል ክንፉ ይጠፋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ፒክስል በዝናብ ላይ እንደ ተቀመጠ ጣሳ እናስበው። ጣሳው ከሞላ በኋላ የሚወርደው ውሃ ይፈሳል እንጂ አይለካም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከጣሳው ሥር የሚቀረው እርጥበት ከጥቂት ጠብታ ጋር ይምታታል። እንበልና አንዱ ፒክስል 50,000 ኤሌክትሮን ይይዛል፤ ካሜራው ራሱ የሚፈጥረው መዛባት 5 ኤሌክትሮን ነው። እንግዲህ ካሜራው ለይቶ ሊያሳይ የሚችለው ከትልቁ እስከ ትንሹ 10,000 ለ1 ነው። ይህ በእጥፍ በእጥፍ ሲቆጠር ከ13 እርከን በላይ ነው።

መፍትሔው አንዱን ነገር በተለያየ ቆይታ ደጋግሞ ማንሳት ነው፤ ለምሳሌ በ5፣ በ30 እና በ180 ሴኮንድ። ከዚያም እያንዳንዱ ምስል ለቆይታው ተካፍሎ ወደ አንድ መለኪያ ይመጣል። ለእምብርቱ ከአጭሩ፣ ለክንፎቹ ከረዥሙ ምስል ተወስዶ አንድ ምስል ይሠራል። 180 የ5 36 እጥፍ ስለሆነ ከ5 እርከን በላይ ይጨመራል። ይህን አሠራር ለተራ ካሜራ በሒሳብ አብራርተው በሰፊው ያስተዋወቁት ፖል ዴቤቬክና ጂቴንድራ ማሊክ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። የተለመደው ማሳያ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ስለሚያሳይ፣ ሰፊው ምስል ተጨምቆ መቅረብ አለበት። በዚህ ጊዜ ደብዛዛው ከደማቁ በልጦ እንዳይታይ መጠንቀቅ ይገባል። ለመለካት የሚፈልግ ሰውም የሚጠቀመው ባልተጨመቀው ምስል ነው።

3. ቃሎቹ

ለወጣቱ ድካም ምክንያት የሆነውን ቃል እንመርምር። «ተንቀሳቃሽ» ተብሎ የተተረጎመው የውጭ ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ሥርወ ትርጉሙ «ኃይል» ነው። በሙዚቃም የድምፅን መጉላትና መለዘብ ያመለክታል። በፎቶግራፍ የሚናገረውም ስለ ብርሃን ብርታትና ድካም ነው። ተርጓሚው ቃሉ በመካኒክ ትምህርት የያዘውን ትርጉም ወስዶ ሌላ ቦታ ሰነቀረው። «የብርሃን ስፋት» ብንል፣ ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ስፋት ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ «የድምቀት ስፋት» የተሻለ ነው፤ ደማቅና ደብዛዛ በአማርኛ ተቃራኒ ጥንዶች ናቸውና፣ ከደብዛዛው እስከ ደማቁ ያለውን ርቀት ሰሚው ያለ ማብራሪያ ይገምታል።

የካሜራው መዛባት በውጭ ቋንቋ «ጫጫታ» ይባላል። በምስል ላይ ግን ጫጫታ የለም። ገበሬያችን ምርትን ከግርድ መለየት ያውቃል። የሚፈለገው ብርሃን ምርት፣ የተቀላቀለው መዛባት ግርድ ቢባል፣ ግንኙነታቸው በቃሉ ውስጥ ይታያል። 16 ምስሎች ተደራርበው አማካያቸው ሲወሰድ ግርዱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ይህ ለማንም ተማሪ የሚገባ አነጋገር ነው።

ብርሃን የበዛበት ፊልም «ተቃጠለ» ማለት የፎቶ ቤት ሰዎች ቃል ነው። እነርሱ ፎቶን «ያነሣሉ»፤ ፊልምን «ያጥባሉ»። ሙያው ራሱ የፈጠረውን ቃል ትተን ሌላ የምንፈጥርበት ምክንያት የለም።

ኔቡላ የሚለውን ግን ምን እናድርገው? በላቲን ትርጉሙ ጉም ነው። በቃል ስየማ ሥራ አስቀድሞ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በግዕዝ፣ ከዚያም በእኅት ቋንቋዎች መፈለግ የቆየ ልማድ ነው። አማርኛው «ጉም» ይሰጠናል። ነገር ግን የእንጦጦን ሌሊት የሚያውቅ ሰው «ጉም ስለ ነበረ ጉሙን ማንሳት አልቻልንም» ከሚል ዓረፍተ ነገር ምን ይረዳል? «ደመና»ም ከዚህ አይሻልም። ግዕዙ «ጊሜ» አለው፤ ትርጉሙም ይገጥማል። ሆኖም «ኔቡላ» በተማሪውም በአስተማሪውም አፍ ገብቷል፤ ብዙ ቁጥሩም «ኔቡላዎች» ተብሎ በአማርኛ ሥርዓት ይረባል። የልማዱ ቅደም ተከተል መሪ እንጂ አስገዳጅ አይደለምና ኔቡላ ይቆይ እላለሁ። ፍቺው ግን ጥንቃቄ ይሻል። እስከ 1920ዎቹ ድረስ አንድሮሜዳም ኔቡላ ይባል ነበር፤ ኤድዊን ሀብል ርቀቱን ለክቶ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑን አሳየ። «በሰማይ ላይ እንደ ጉም የሚታይ ነገር» የሚል ፍቺ ያንን የቆየ ስሕተት ይመልሰዋል።

በመጨረሻም «ሐሰተኛ ቀለም» የሚለው አጠራር ይታረም። የሃይድሮጅንን፣ የኦክስጅንንና የድኝን ብርሃን በማጣሪያ ለይቶ ለእያንዳንዱ ቀለም መስጠት፣ በተለይ በከተማ መብራት ሥር ለሚሠራ ሰው፣ ጠቃሚ ዘዴ ነው። አንባቢው በካርታ ላይ ተራራ ቡናማ ሲሆን ሐሰት ነው አይልም። «የተመደበ ቀለም» ቢባል እውነቱን ይናገራል።

4. ለመዝገበ ቃላት የቀረቡ

ኔቡላ፦ በከዋክብት መካከል የሚገኝ የጋዝና የአቧራ ክምችት።
የድምቀት ስፋት፦ ካሜራ ለይቶ ሊይዝ በሚችለው ከሁሉ ደማቅና ከሁሉ ደብዛዛ ብርሃን መካከል ያለ ንጥጥር።
ሰፊ ድምቀት ምስል፦ በተለያየ ቆይታ ከተነሡ ምስሎች ተዋሕዶ የድምቀት ስፋቱ የጨመረ ምስል።
ቆይታ፦ ብርሃን በካሜራ የሚጠራቀምበት ጊዜ።
የምስል ግርድ፦ ከተፈላጊው ብርሃን ጋር የሚቀላቀል መዛባት።
ማደራረብ፦ የአንድ ነገር ብዙ ምስሎችን አጋጥሞ አማካያቸውን መውሰድ።
ድምቀት ማመጣጠን፦ ሰፊ ድምቀት ምስልን ለማሳያ እንዲመች መጭመቅ።
የተመደበ ቀለም፦ ለተለየ የብርሃን ዓይነት በስምምነት የተሰጠ ቀለም።

ለወጣቱ እነዚህን ቃላት በአንድ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። በጥር ወር ጥርት ባለ ሌሊት ሦስቱን ቆይታዎች አንሥቶ አዋሐዳቸው። ባመጣልኝ ምስል ላይ አራቱ ከዋክብትም ክንፎቹም አብረው ይታያሉ። ከወረቀቱ ጀርባ ግን «ማደራረብና ማዋሐድ ልዩነታቸው በደንብ አልተጻፈም» ብሎ ጽፎበታል። ልክ ነው፤ የመጀመሪያው ግርድን ለመቀነስ፣ ሁለተኛው ስፋትን ለመጨመር ነው። «ማዋሐድ» ዘጠነኛ ቃል ሆኖ ይግባ። ሌሎች አንባቢያንም እንዲሁ ቢያርሙን ሥራው ይቃናል።