ከአሞራ ገደል እስከ ፋርማሲ፦ የዓሣ አጥንት ካልሲየም ተረትና እውነታ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ጠዋት ቢላ ሥራ አይፈታም። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ከጀልባ ይወርዳል፣ ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ፊሌቶው ከግራና ከቀኝ ይገፈፋል። አከርካሪውና አንጀቱ ወደ ጎን ይጣላል፤ አባ ኮዳ የተባሉት ትላልቅ ወፎች የሚጠባበቁትም ይህንኑ ነው። ከአንድ ቆሮሶ የሚገኘው ፊሌቶ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ስለሆነ፣ ከሚበላው የሚጣለው ይበልጣል።

ከሚጣለው ውስጥ አጥንቱ የካልሲየምና የፎስፈረስ ክምችት ነው። ኖርዌይ ውስጥ ሆፍሴት ባዮኬር የተባለ ኩባንያ የሳልሞን አጥንትን አጣርቶ፣ ካልጎ የሚል ስም ሰጥቶ፣ ለአጥንት ጤና ይሸጠዋል። ስለዚህ «ከተጣለ አጥንት የካልሲየም ክኒን ይወጣል» የሚለው ወሬ መሠረት አለው። ችግሩ በወሬው ላይ የተደራረበው ነው።

«ዓሣ የበላ ካልሲየም አገኘ»

አጥንቱን ካልበላ አላገኘም። መቶ ግራም ጥሬ የቆሮሶ ፊሌቶ ውስጥ ያለው ካልሲየም 10 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልገዋልና፣ በፊሌቶ ብቻ ልሙላው ያለ ሰው በየቀኑ አሥር ኪሎ ሊበላ ነው። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት በአንጻሩ 180 ሚሊ ግራም ገደማ ይዟል፤ በካልሲየም ረገድ ከዓሣ ጉላሹ ይልቅ የቀረበበት እንጀራ ይሻላል ማለት ነው።

የቆርቆሮ ሰርዲን ግን ሌላ ታሪክ አለው። በመቶ ግራም 380 ሚሊ ግራም አካባቢ የሚገኝበት፣ በግፊት በከፍተኛ ሙቀት ሲበስል አጥንቱ ስለሚፈረፈርና ከሥጋው ጋር ስለሚበላ ነው። አጥንቱን እየለቀመ የሚጥል ሰው የከፈለበትን ካልሲየም ጣለ።

«አጥንቱን ቀቅሎ ሾርባውን መጠጣት ይበቃል»

የዓሣ ሾርባ ወዳጆችን የሚያስከፋው ይህኛው ነው። በአጥንት ውስጥ ካልሲየም የሚገኘው ሃይድሮክሲአፓታይት በሚባል ማዕድን መልክ ሲሆን፣ ይህ ማዕድን በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ለሰዓታት ሲንተከተክ ከአጥንቱ የሚወጣው በዋናነት ጄላቲንና ስብ ነው፤ ሾርባውን የሚያወፍረው፣ ሲቀዘቅዝም የሚያረጋው ጄላቲኑ ነው። ሎሚ ቢጨመቅበት አሲዱ ጥቂት ካልሲየም ያሟሟል፤ በአንድ ሳህን ሾርባ የዕለቱን ፍላጎት ለመሙላት ግን ከቶ አይደርስም። ሾርባው ጣፋጭ ነው፤ ይጠጣ። ካልሲየሙ ከድስቱ ሥር ከአጥንቱ ጋር ቀርቷል።

«ማድረቅና መፍጨት ብቻ ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከቢላ ሥር የወጣ አከርካሪ ባዶ አጥንት አይደለም፤ ሥጋ፣ ስብና ደም ተጣብቆበታል። በፀሐይ አድርቀው ቢፈጩት ስቡ ይበላሻል፣ ዱቄቱ ይገማል፣ ሳይደርቅ የቆየው ክፍልም የባክቴሪያ ማራቢያ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፍጥነትና ቅዝቃዜ ነው፦ አጥንቱ በዚያው ቀን በበረዶ ተይዞ ፋብሪካ መድረስ አለበት። በአገራችን ሐይቆች ዳር በረዶ ለፊሌቶውም እንደማይበቃ የሚያውቅ ሰው፣ ሐሳቡ መጀመሪያ የሚሰናከልበትን ቦታ አይስተውም።

ቀጥሎ ሥጋውን ከአጥንቱ ማላቀቅ ይመጣል። የኖርዌዩ ኩባንያ ይህን የሚያደርገው በኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ፕሮቲኑን ቆራርጦ ያሟሟዋል፤ ዘይቱ ለብቻው ይጠለላል፤ አጥንቱ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ፕሮቲኑም ዘይቱም ስለሚሸጡ የፋብሪካውን ወጪ ካልሲየሙ ብቻውን አይሸከምም። ከአጥንት ዱቄት ብቻ ትርፍ አገኛለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ቢሠራ ይበጀዋል።

ሌላው መንገድ አጥንቱን በጠንካራ አልካሊ መቀቀል ነው፤ ከዚያ ኬሚካሉን ደጋግሞ አጥቦ ማስወገድ ያስፈልጋል። ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ምድጃ ማቃጠልም ይቻላል፤ ሽታ የሌለው ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ በአጥንቱ ያለው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ግን አብሮ ይቃጠላል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ዱቄቱ በጣም መድቀቅ አለበት፤ ያልደቀቀ ስባሪ ጉሮሮ ይወጋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት። ስቡ የወጣለት ደረቅ የዓሣ አጥንት፣ እንደ ዓሣው ዓይነት፣ ከክብደቱ ከ13 እስከ 23 በመቶው ካልሲየም ነው። አንድ ግራም ዱቄት የያዘ ትልቅ እንክብል ቢበዛ 230 ሚሊ ግራም ይሰጣል። «በቀን አንድ ፍሬ ፍላጎትዎን ሁሉ ይሞላል» ተብሎ የሚሸጥ የዓሣ አጥንት እንክብል ቢኖር፣ ማስታወቂያው ከሒሳብ ጋር ተጣልቷል።

«ከዓሣ የተገኘው ከድንጋይ ከተገኘው ይበልጣል»

በፋርማሲ በርካሽ የሚገኘው ካልሲየም ካርቦኔት 40 በመቶው ካልሲየም ነው፤ ንጹሕ ሃይድሮክሲአፓታይትም ወደዚያው ይጠጋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጤናማ ወጣት ወንዶች ከሳልሞንና ከኮድ አጥንት ያገኙትን ካልሲየም ሰውነታቸው በጥሩ ሁኔታ እንደተቀበለው አሳይቷል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ዋጋውን አሥር እጥፍ ለማድረግ ግን ምክንያት አይሆንም። የትኛውም ዓይነት ቢሆን በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም ባይበልጥ በተሻለ ሁኔታ ይሰርጻል፤ ቫይታሚን ዲም ያስፈልገዋል።

«ተፈጥሯዊ ነውና አይጎዳም»

አጥንት እንስሳው በሕይወቱ ያገኘውን እንደ እርሳስ ያለ ከባድ ብረት ያከማቻል። አሊሰን ሄይስ የተባለች አሜሪካዊት የፊልም ተዋናይ ለዓመታት ስትታመም ቆይታ፣ ከፈረስ አጥንት ተሠራ በተባለው የካልሲየም ማሟያዋ ውስጥ ከፍተኛ እርሳስ ተገኝቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ1982 እ.ኤ.አ. ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢ እናቶች የአጥንት ዱቄት እንዳይወስዱ መክሯል፤ ምክንያቱ ያው እርሳስ ነበር።

ለእኛ አገር ግን ከእርሳስ ይልቅ ፍሎራይድ ይቀርባል። በስምጥ ሸለቆ የብዙ አካባቢዎች ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን በላይ ፍሎራይድ አለበት፤ የነዋሪው ጥርስ ይመሰክራል። ሃይድሮክሲአፓታይት ደግሞ ፍሎራይድን ስቦ ይይዛል። በዚሁ ጠባዩ የተነሳ በስምጥ ሸለቆ መንደሮች የከብት አጥንት ከሰል የመጠጥ ውኃ ማጣሪያ ሆኖ አገልግሏል። ማዕድኑ አንድ ነውና የዓሣ አጥንትም በሐይቅ ውስጥ ሳለ ከውኃው ፍሎራይድ ይወስዳል። ስለዚህ ከእነዚህ ሐይቆች ዓሣ የሚሠራ ማናቸውም የካልሲየም ዱቄት ፍሎራይዱ ሳይለካ ለሕፃን ገንፎ ሊገባ አይገባም።

የዓሣ አለርጂ ያለበት ሰውም ከአጥንቱ ዱቄት መራቅ አለበት፤ የፕሮቲን ቅሪት አይጠፋውም።

«በበዛ ቁጥር ይሻላል»

አይሻልም። በአሜሪካ ከ36,000 በላይ ያረጡ ሴቶች በተሳተፉበትና ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር የወሰዱት የዳሌ ስብራታቸው ጉልህ በሆነ ሁኔታ አልቀነሰም፤ የኩላሊት ጠጠር ግን በ17 በመቶ ጨምሯል።

ጥቅሙ የጎላው ካልሲየም በሚያንሳቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለውን የእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ሕመም ለመቀነስ በቀን ከ1,500 እስከ 2,000 ሚሊ ግራም ሲመክር ቆይቷል። በሕንድና በታንዛኒያ በየአገሩ 11,000 ሴቶች የተካፈሉበትና በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ሕመሙን በመከላከል ረገድ 500 ሚሊ ግራም ከ1,500 እንደማያንስ አሳይቷል። 500 ሚሊ ግራሙ በአጥንት ዱቄት ሲሰላ ሦስት ግራም ያህል ነው፤ ከእንክብል ይልቅ በምግብ ውስጥ በቀላሉ የሚገባ መጠን።

«የሚጣል ነውና በነጻ ይገኛል»

የቪክቶሪያ ሐይቅ ታሪክ ይህን ያስተባብላል። ፋብሪካዎች የናይል ፐርች ፊሌቶ ወደ ውጭ ሲልኩ የቀረው አጽም በኬንያ ምጎንጎ ዋዚ ተብሎ ይሸጣል፤ ሴቶች በዘይት ጠብሰው ፊሌቶውን መግዛት ለማይችል ሰው ያቀርቡታል። ሐዋሳም ቢሆን ከጭንቅላቱ ሾርባ ይሠራል። ለአጥንቱ ዋጋ የሚከፍል ፋብሪካ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሻማው ከአባ ኮዳ ጋር ሳይሆን ከእነዚህ ድስቶች ጋር ነው። በመሆኑም የትኛው አጥንት በእርግጥ እንደሚጣል፣ የትኛው ደግሞ የድሃ ሰው ምሳ እንደሆነ ከእንክብል ማሽኑ ግዢ በፊት መቆጠር አለበት።